ልጆቹ ሸሽተው የሚገቡበትን ቤት መምረጥ፦ ለምናባዊ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች የንጽጽር መመሪያ

ለልጆች በሚጻፍ ምናባዊ ልብ ወለድ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ቦታ አለ፤ ከሰው የራቀ፣ የተረሳ፣ ግማሹ የፈረሰ መሸሸጊያ። ልጆቹ ከሚያሳድዳቸው ነገር አምልጠው፣ ደክሟቸውና ርቧቸው፣ ማጠፊያው የዛገ በር ገፍተው ይገባሉ። ጸሐፊው ይህን ቤት ብዙ ጊዜ የሚመርጠው በመልኩ ነው። ማማው ያምራል፣ ወፍጮው ያምራል፣ ጭቃ ላይ ያጋደለችው መርከብም ታምራለች። ችግሩ የሚወጣው ሁለትና ሦስት ምዕራፍ ቆይቶ ነው። ልጆቹ ከገቡ በኋላ የሚሠሩት ያጣሉ፣ ቁጭ ብለው ስላለፈው ያወራሉ፣ ታሪኩም አብሯቸው ይቀመጣል።

እዚህ ስድስት ዓይነት መሸሸጊያዎችን እናነጻጽራለን። የምንመዝናቸው በጎደላቸው ነገር ነው። ጣሪያው ሙሉ፣ ምድጃው የሞቀ፣ ጓዳው የተሞላ ቤት ለማረፍ ይመቻል፤ ታሪክ ግን አያራምድም። ጥሩ መሸሸጊያ ከአንድ አደጋ ያድናል፣ ለሌላ ያጋልጣል፣ ልጆቹ በገዛ እጃቸው ሊያሟሉት የሚችሉት አንድ ጉድለትም አለበት።

## በቅድሚያ መመዘኛዎቹ

ከምን ይከልላል? ለምንስ ያጋልጣል? ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልተቻለ ቦታው ገና አልተመረጠም። «ከአሳዳጆቹ ይከልላል፣ ለጥማት ያጋልጣል» ይበቃል። «ከሁሉም ይከልላል» የሚል መልስ ከመጣ ሌላ ቤት ፈልጉ።

በምን ቅደም ተከተል ፈረሰ? ብዙ ረቂቆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቤት በዘፈቀደ አይፈርስም። መጀመሪያ የጣሪያው ውሃ መውረጃ በቅጠልና በወፍ ጎጆ ይደፈናል። መውጫ ያጣው ውሃ ወደ ግድግዳው ይዞራል። የወለሉ አግዳሚዎች ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ጫፋቸው እርጥበት ይይዝና ይበሰብሳል፤ መሃሉ ጤነኛ የሚመስል ወለል ድንገት ከግድግዳው ተላቆ የሚወርደው ለዚህ ነው። ከዚያ ጣሪያው የላይኛውን ፎቅ ይዞ ይወድቃል። የድንጋይ ግድግዳ ግን ጣሪያው ከወረደ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቆም ይችላል። ድንጋይ ውስጥ የተቀበረ ብረት ደግሞ ሲዝግ ያብጥና ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል።

ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ ጣሪያው በወረደበት ክፍል ውስጥ የደረቀ መጽሐፍና ንጹሕ መጋረጃ አያስቀምጥም። ወረቀት ይሻግታል፣ ጨርቅን ብል ይበላዋል፣ ሸክላና ብርጭቆ ግን እንዳሉ ይቆያሉ። ልጆቹ ሊያገኙት የሚገባ መልእክት ካለ ሸክላ ላይ ይቀረጽ። ወለሉን ሰንጥቆ የበቀለ ዛፍም ብዙ ይናገራል፤ ብርሃን አግኝቶ ማደግ የቻለው ጣሪያው ከወረደ በኋላ ነውና። ወቅቶች በግልጽ በሚፈራረቁበት አገር የግንዱን ቀለበቶች የምትቆጥር ልጅ ቤቱ ቢያንስ ስንት ዓመት ያለ ጣሪያ እንደቆየ ታውቃለች። «እኔ ባለፈው ዓመት እዚህ አድሬ ነበር፣ ጣሪያውም ደህና ነበር» ያላትን እንግዳ ውሸቱን የምትይዘው በዚሁ ነው።

በልጅ እጅ ምን ይጠገናል? 10 ሊትር ውሃ 10 ኪሎ ይመዝናል፤ የ9 ዓመት ልጅ ይዞት ደረጃ ለመውጣት ይቸገራል። የወደቀ አግዳሚማ ጨርሶ አያነሳም። ነገር ግን የተደፈነ ጭስ ማውጫ በረጅም ዱላ ጫፍ በታሰረ ቅጠል ሊጠርግ፣ የተሰበረ መስኮት በሸራ ሊደፍን፣ የዛገ ማጠፊያ በስብ ሊያላውስ ይችላል። ሦስት እንዲህ ያሉ ሥራዎች የማይገኙበት ቤት ልጆቹን ተመልካች ያደርጋቸዋል።

ውሃና እሳት ከየት ይገኛል? 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 20 ካሬ ሜትር ደህና ጣሪያ ከ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 200 ሊትር ይሰጣል፤ በቀን ሁለት ሁለት ሊትር ለሚጠጡ አራት ልጆች ለመጠጥ ብቻ የ25 ቀን ውሃ ነው። ስሌቱ መጽሐፉ ውስጥ አይገባም፤ ጥማቱ በየትኛው ምዕራፍ እንደሚጀምር የሚወስነው ግን እሱ ነው። እሳቱም የራሱ ጣጣ አለው። በቀን ጭሱ፣ በሌሊት ብርሃኑ ከሩቅ ይታያል። የሚደበቁ ልጆች መብረድን ወይም መታየትን መምረጥ ይኖርባቸዋል፤ ይህ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

አስማቱ በየት ይገባል? ከቤቱ የቀድሞ ሥራ የሚወጣ አስማት ይታመናል። ከውጭ ተጭኖ የመጣ ግን የትም ቦታ ሊሆን የሚችል ስለሆነ ቤቱን ያባክነዋል።

## የመብራት ማማ

ለመርከቦች መንገድ የሚያሳየው ይህ የባሕር ዳር ማማ ትልቁ ጥቅሙ ለመተው እውነተኛ ምክንያት ያለው መሆኑ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የባሕር መብራቶች በራሳቸው የሚሠሩ ሆኑና ጠባቂዎቹ ወጡ፤ በብሪታንያ የመጨረሻዎቹ ማማቸውን የለቀቁት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ጦርነት ወይም ወረርሽኝ መፍጠር አያስፈልግም።

የውስጥ አሠራሩ ለልጆች ታሪክ የተዘጋጀ ይመስላል። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ኦገስቲን ፍሬኔል የፈጠረው፣ ብርሃኑን አሰባስቦ ወደ ሩቅ የሚልክ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1823 በፈረንሳይ ኮርዱዋን ማማ ላይ ተተከለ። ከዚያ በኋላ የመጡት ትልልቆቹ ሌንሶች ቁመታቸው ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ልጅ ውስጣቸው ገብቶ ይቆማል። የሚሽከረከሩት እንደ ድሮ የግድግዳ ሰዓት በክብደት ነበር። ክብደቱ በማማው ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ጠባቂውም በየጥቂት ሰዓቱ በመዘውር መልሶ ያወጣዋል። ሌሊቱን ተራ ገብተው የሚያዞሩ ሁለት ልጆች አስቡ፤ አንደኛው እንቅልፍ ወስዶታል፣ ክብደቱ ታች ሊደርስ ነው።

ቀን ቀን ደግሞ በሌንሱ ዙሪያ መጋረጃ ይሳባል፤ የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና። መጋረጃው በብል ያለቀበት ማማ ውስጥ ጠላቱ እንግዲህ ጠዋት ነው። እያንዳንዱ ማማ የራሱ የብልጭታ ስልትም አለው፤ መርከበኛው የት እንዳለ የሚያውቀው በዚያ ነው። አንዲት ልጅ ስልቱን ሳታውቅ ብታበራው ልታድናቸው የፈለገቻቸውን መርከበኞች ድንጋይ ላይ ትጥላቸዋለች። ከዚህ የተሻለ የአስማት በር ከስድስቱ በአንዱም አይገኝም።

የሚያጋልጠው ለአውሎ ነፋስ ነው። በእንግሊዝ ጠረፍ አጠገብ የነበረው የመጀመሪያው የኤዲስቶን ማማ እ.ኤ.አ. በ1698 በርቶ በ1703ቱ ታላቅ አውሎ ነፋስ ከገንቢው ከሄንሪ ዊንስታንሊ ጋር ተጠርጎ ሄዷል። ሌላው ድክመቱ መውጫው አንድ መሆኑ ነው። አሳዳጁ ደረጃው ላይ ከቆመ ልጆቹ ተይዘዋል፤ ስለዚህ ገመድ ወይም ጀልባ ገና በመጀመሪያው ቀን ይታይ፤ በችግሩ ሰዓት ድንገት ቢገኝ ማንም አያምነውም። ክፍሎቹም ክብ ናቸው፤ ቀጥ ያለ ቁም ሣጥን ግድግዳው ላይ አይለጠፍም። አንዳንድ ሌንሶች በሜርኩሪ ላይ ተንሳፍፈው ይዞሩ ነበር። ሜርኩሪ መርዝ ስለሆነ ልጆቹ እንደ አሻንጉሊት እንዲነኩት አትጻፉ።

## የተራራ መተላለፊያ መጠለያ

አንድ ክፍል፣ አንድ ምድጃ፣ ውጭ በረዶ። ለመጻፍ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ቀላልነቱ ግን ያታልላል። መደበኛ ሥራው እንግዳ መቀበል ስለሆነ «ማን ሠራው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ዝግጁ ነው። በስዊዘርላንድና በጣሊያን መካከል፣ በአልፕስ ተራሮች ላይ ባለው ታላቁ ሴንት በርናርድ መተላለፊያ፣ በ2,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ መነኮሳት ከ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ መንገደኛ ሲቀበሉና ሲያድኑ ኖረዋል። ጠባቂዎቹ የሄዱበት እንዲህ ያለ ቤት አንድ ግዴታ ተሸክሞ ይቀራል፤ በሩን ላንኳኳ ሁሉ መክፈት። አስማቱን እዚያ ላይ ትከሉት። ቤቱ ማንንም እንዲመልሱ አይፈቅድላቸውም፤ አሳዳጁም ያንኳኳል።

ዝርዝሩ ግን በትክክል ይጻፍ። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም። አዲስ የወረደ በረዶ ሲቀልጥ መጠኑ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ አንድ ድስት ውሃ ለማግኘት አሥር ድስት ያህል በረዶ ይፈልጋል። ድስቱ ሥር ቀድሞ ትንሽ ውሃ ካልተደረገ ደግሞ በረዶው ከመቅለጡ በፊት ድስቱ ያራል። ይህን ሁሉ የሚችለው ማገዶ ነው፤ ማገዶ ደግሞ ከዛፍ መስመር፣ ማለትም ዛፍ መብቀል ከሚያቆምበት ከፍታ፣ በላይ የለም። ልጆቹ አልጋዎቹን፣ ከዚያ በሮቹን፣ በመጨረሻም የእንግዳ መዝገቡን ለማቃጠል ሲገደዱ ታሪኩ ራሱን ይጽፋል።

የምንለምነው አንድ ነገር አለ። ልጆች ያነበቡትን ይሞክራሉ። ጭስ ማውጫው በበረዶ በተደፈነ ቤት ውስጥ እሳት ማንደድ ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል፤ መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ገጸ ባሕርያቱ ከመተኛታቸው በፊት ማውጫውን ይጥረጉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

## የነፋስ ወፍጮ

ከስድስቱ ብዙ ሥራ የሚሰጥ ይህ ነው፤ እንደ ማማው ዝነኛ ባይሆንም ከ9 እስከ 12 ዓመት ላሉ አንባቢዎች የምናስቀድመው እሱን ነው። የሚንቀሳቀስ ቤት ነው። በግንብ ወፍጮ ላይ የሚዞረው ክንፎቹን የያዘው የላይኛው ቆብ ብቻ ሲሆን፣ በአንድ ምሰሶ ላይ በቆመው የቆየ ዓይነት ግን ቤቱ በሙሉ ወደ ነፋሱ ይዞራል። ምሽት ወደ ሸለቆው ያይ የነበረ መስኮት ጠዋት ወደ ጫካው ዞሮ ቢገኝ አንባቢው ይደነግጣል፤ ምክንያቱ ግን መካኒካዊ ነው ወይስ አስማት? ለሦስት ምዕራፍ ሳትመልሱት መቆየት ትችላላችሁ።

አደጋው ግልጽ ነው። ነፋሱ ከኋላ ከመጣ ክንፎቹንና ቆቡን ሊነቅላቸው ይችላል። በኃይለኛ ነፋስ ፍሬኑ ቢያዝም ክንፎቹ ካልቆሙ፣ እንጨቱ በፍትጊያ ግሎ ይቃጠላል። የላይኛው የወፍጮ ድንጋይ አንድ ቶን ያህል ሊመዝን ስለሚችል በልጅ ጉልበት የሚነሣ አይደለም፤ ያለ እህል ሲዞር ድንጋይ ከድንጋይ ይፋጫል፣ ብልጭታም ይወጣል። አየር ላይ የተበተነ የዱቄት ብናኝ ደግሞ ይፈነዳል። ሦስት የተለያዩ የመጨረሻ ትዕይንቶች በአንድ ቤት ውስጥ አሉ።

ለአስማቱ የሚሆነው ከኔዘርላንድስ ልማድ ይገኛል። እዚያ የቆሙ ክንፎች አቀማመጥ መልእክት ነበር። የላይኛው ክንፍ ቀጥ ወደሚልበት ቦታ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ ደስታ፣ ጥቂት አልፎት ከቆመ ሐዘን። የተተወ ወፍጮ ክንፎች ከሌሊት ወደ ሌሊት አቀማመጣቸው ከተለወጠ፣ አንድ የሚናገር አካል አለ ማለት ነው።

ድክመቱ ዝርዝሩ መብዛቱ ነው። ጥርስ ያላቸውን መንኮራኩሮች፣ ፍሬኑን፣ የእህል ማፍሰሻውን በአንድ ገጽ ካወረዳችሁት ልጁ መጽሐፉን ይዘጋዋል። በአንድ ምዕራፍ አንድ መሣሪያ ብቻ፣ እሱም ሲሠራ ይታይ።

## ምሽግ እና የደሴት ገዳም

ምሽግ የብዙዎች የመጀመሪያ ምርጫ ነው። እኛ ግን ከመጨረሻዎቹ ተርታ እናስቀምጠዋለን፤ ለአራት ልጆች በጣም ሰፊ ነው፣ ጉድለቱም በልጅ እጅ አይሞላም። የወደቀ ቅጥር ማን ያነሣል? ለረጅም ተከታታይ መጽሐፍ ካልሆነ በቀር ክፍሎቹ ባዶ ይቀራሉ።

የተሻለው አማራጭ ትንሽ የድንጋይ ገዳም ነው። ከአየርላንድ ጠረፍ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ስኬሊግ ማይክል ደሴት ላይ የጥንት መነኮሳት ያለ ኖራና ያለ እንጨት፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረቡ የሠሯቸው ቀፎ የመሰሉ ጎጆዎች ዛሬም ቆመዋል፤ ወደ እነሱ የሚወስዱት ደረጃዎች 600 ገደማ ናቸው። የሚበሰብስ ነገር ስለሌለባቸው አልፈረሱም። «ሁሉ ሲፈርስ ይህ ለምን ቆመ?» የምትል ልጅ ካለቻችሁ መልሱ ይህ ነው፤ አስማት ባይጨመርበትም ይደንቃል።

## ጭቃ ላይ የቀረች መርከብ

እዚህ ጠላትም ጠባቂም ውሃው ነው። ባሕሩ ሞልቶ እንደገና እስኪሞላ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ ሰዓቱ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ይገፋል። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ሲሆን ከፍተኛው ሙላት ይመጣል። ባሕሩ ሲሸሽ አሳዳጆች በጭቃው ላይ በእግር ሊመጡ ይችላሉ፣ ሲሞላ አይችሉም። ሠንጠረዥ ሳትሠሩ ይህን መቼት አትጀምሩ። ሰኞ ቀትር ላይ ሞልቶ ሐሙስም በዚያው ሰዓት ከሞላ፣ በባሕር ዳር ያደገ አንባቢ ወዲያው ያውቅባችኋል።

መርከቧ ስላጋደለች ወለሉ ሁሉ ተዳፋት ነው፤ የሚንከባለል ብርጭቆ፣ ከአልጋ የሚወርድ ታናሽ ወንድም። እንጨቷን በጨዋማ ውሃ የሚኖር መርከብ ቦርቧሪ ትል ይበላታል። እ.ኤ.አ. በ1628 የሰጠመችው የስዊድን መርከብ ቫሳ ከ333 ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ አካሏ ሳይፈርስ የወጣችው በባልቲክ ባሕር ጨው ማነስ ምክንያት ያ ትል እዚያ ስለማይስማማው ነው። ያልተበላች አሮጌ መርከብ ከፈለጋችሁ እንግዲህ ጨው ያነሰበት ውሃ ላይ አስቀምጧት። የመጠጥ ውሃ ዋናው ጉድለቷ ነው፤ ዙሪያው ውሃ፣ የሚጠጣ የለም።

## በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| መሸሸጊያ | የሚከልለው | የሚያጋልጠው | ልጅ የሚሠራው ሥራ | የአስማቱ በር | የጥናት ድካም |
|---|---|---|---|---|---|
| የመብራት ማማ | ከአሳዳጅ፣ ከጎርፍ | ለአውሎ ነፋስ፣ ለመከበብ | ክብደት መዘወር፣ መስታወት መወልወል | የብልጭታው ስልት | መካከለኛ |
| የተራራ መጠለያ | ከበረዶ ናዳና ከነፋስ | ለማገዶና ለምግብ እጦት | በረዶ ማቅለጥ፣ ጭስ ማውጫ መጥረግ | የማንኳኳት ሕግ | አነስተኛ |
| የነፋስ ወፍጮ | ከዝናብ | ለእሳት፣ ለመታየት | ቆብ ማዞር፣ ሸራ መጠገን | የክንፎቹ አቀማመጥ | ከፍተኛ |
| ምሽግ | ከብዙ ጠላት | ለብርድ፣ ለመጥፋፋት | ጥቂት | ብዙ ክፍሎች | ከፍተኛ |
| የደሴት ገዳም | ከሰው ሁሉ | ለረሃብ፣ ለብቸኝነት | ዝናብ ማጠራቀም | የማይፈርሰው ድንጋይ | አነስተኛ |
| መርከብ | ባሕሩ ሲሞላ ከአሳዳጅ | ለጥማት፣ ለጭቃ | ውሃ መቅዳት፣ ቀዳዳ መድፈን | ጨረቃና ሙላት | ከፍተኛ |

## ለማን የትኛው?

ከ6 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች፣ እስከ 5,000 ቃል ባለ አጭር መጽሐፍ፣ የተራራ መጠለያው ይሻላል። አንድ ክፍልና አንድ ሌሊት ይበቁታል፤ ሥዕል ሠሪውም አንድ ቤት ብቻ ነው የሚደጋግመው። ለመድረክ የሚጻፍ ከሆነም ይኸው ነው፤ ወፍጮና ማማ ከፍታቸው መድረክ ላይ አይገባም።

ከ30,000 እስከ 50,000 ቃል ላለው፣ ከ9 እስከ 12 ዓመት ላሉ አንባቢዎች፣ ወፍጮ ወይም የመብራት ማማ ምረጡ። ልዩነቱ የልጆቹ ብዛት ላይ ነው። ለሁለት ልጆች ማማው፣ ለአራትና ለአምስት ወፍጮው፤ ማማ ላይ ተራ ከሚገቡት ሁለት ሰዎች በላይ ላሉት የሚሠራ ነገር የለም። ለጥናት ጊዜ የሌለው ጸሐፊ ወደ ገዳሙ ይሂድ። መርከቧን የምንመክረው የባሕሩን ሰዓት በወረቀት ላይ ለማስላት ትዕግሥት ላለው ብቻ ነው፤ እሱ ግን ከሁሉም የበለጠ ውጥረት ያገኝባታል።

ሁለት ቤት ማዳቀል፣ ለምሳሌ ምሽግ ውስጥ የቆመ ወፍጮ፣ ሲታሰብ ደስ ይላል፤ ግን ሁለቱም ጉድለታቸውን ያጣሉ። ምሽጉ ወፍጮውን ከመታየት ይከልለዋል፣ ወፍጮው ደግሞ ምሽጉን ይመግበዋል፤ ልጆቹም ተመችቷቸው ይቀመጣሉ።

## የተመረጠውን ቤት የሚያበላሹ ነገሮች

የመጀመሪያው ቶሎ መጠገን ነው። በምዕራፍ 4 ቤቱ ሞቆ ከደረቀ የቀሩት ምዕራፎች ያለ ጉልበት ይቀራሉ። አንድ ጉድለት ሲሞላ ሌላ ይከፈት፤ ጭስ ማውጫው ተጠርጎ እሳቱ ሲነድ ጭሱ ለአሳዳጁ ይታየው።

ሁለተኛው ሁሉን የሚያውቅ አዛውንት ጠባቂ ማስቀመጥ ነው። ልጆቹ ማወቅ የሚገባቸውን እሱ ይነግራቸዋል፣ መጠገን ያለባቸውንም እሱ ይጠግነዋል። ጠባቂው የግድ ካስፈለገ እጁ የማይሠራ ወይም ስለ ቤቱ ግማሹን ብቻ የሚያውቅ ይሁን።

ሦስተኛው የክፍሎቹ አቀማመጥ መምታታት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ቤቱን በአንድ ገጽ ላይ ንደፉት፤ በሮቹ ወደየት እንደሚከፈቱ፣ የትኛው ደረጃ እንደተሰበረ፣ ከየትኛው መስኮት መንገዱ እንደሚታይ ይግባበት። ልጆች ካርታ በጥንቃቄ ያነባሉ። ተከታታይ መጽሐፍ የሚያስብ ጸሐፊ ደግሞ ንድፉ ላይ አንድ የተቆለፈ ክፍል ያስቀር፤ ስፋቱን በትክክል ይለካ፣ በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥም አንዷ ልጅ የውጩን ግድግዳ በእርምጃዋ ስትለካ ከውስጡ አራት እርምጃ በልጦ ታግኘው።